የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አይሮፕላን አብራሪዎች በፎቶግራፍ

በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ በታሪክ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ተለጥፎ የኖረ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አሜሪካዊቱ አሚሊያ ኤርሃርት የቆዳ ጃኬቷን ለብሳ ከአይሮፕላኗ አጠገብ ቆማ ትታያለች። ከሥሩ «የመጀመሪያዋ ሴት አይሮፕላን አብራሪ» የሚል ጽሑፍ አለ። እኛም ጽሑፉን አምነን ስናስተምርበት ቆይተናል። አንድ ቀን ግን አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «የመጀመሪያዋ በምን? በየትኛው ዓመት?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አልነበረንም። «ነገ እንነግራችኋለን» ብለን ወጣን። ይህ ጽሑፍ ያ «ነገ» ያመጣው ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርሃርት የዓለም አቀፉን የአየር በረራ ፌዴሬሽን የማብረር ፈቃድ ያገኘችው በ1923 ነው። በእርግጥ የመጀመሪያ የሆነችበት ነገር አለ፤ ይኸውም በግንቦት 1932 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻዋን በአይሮፕላን ማቋረጧ ነው። ፈቃድ በማግኘት ረገድ ግን ፈረንሳዊቱ ሬሞንድ ደ ላሮሽ በአሥራ ሦስት ዓመት ትቀድማታለች። ላሮሽ ቁጥር 36 የሆነውን የፈረንሳይ የማብረር ፈቃድ የተቀበለችው መጋቢት 8 ቀን 1910 ነው። (ዕለቱ ዛሬ የሴቶች ቀን ተብሎ የሚከበረው መሆኑ አጋጣሚ ነው።) የላሮሽ ፎቶግራፎች በዚያን ጊዜ በፖስት ካርድ እየታተሙ ይሸጡ ነበር፤ ከሥራቸውም «ባሮነስ ደ ላሮሽ» ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ ግን ባሮነስ አልነበረችም። የፓሪስ ቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ስትሆን የትውልድ ስሟም ኤሊዝ ዴሮሽ ነው። የመሳፍንት ማዕረጉን የሰጣት ጋዜጣው ነው። ሁለተኛው ግርጌ ጽሑፍ እንዲህ ወደቀብን።

ብዙ ያስተማረን ግን የቤሲ ኮልማን ፎቶግራፍ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍነን ለሠልጣኞቻችን አሳየናቸው። ጥቁር ሴት ናት፤ የጦር መኮንን ልብስ የሚመስል ደንብ ልብስ ለብሳለች፤ የቆዳ ቆብና የበረራ መነጽር አድርጋለች። «ይህች ማን ትመስላችኋለች?» አልናቸው። አንዱ «ወታደር» አለ፤ ሌላው «የፊልም ተዋናይ» አለ፤ ሦስተኛው «የአብራሪው ሚስት» አለ። ከሰላሳ በላይ ከሚሆኑት ሠልጣኞች አብራሪ ናት ያለ አንድም አልተገኘም። ያችው ጥያቄ ጠያቂያችን እንኳ ዝም አለች። ከባዶ መሬት የመጣ ስሕተት አይደለም፤ እኛም ራሳችን ብንጠየቅ ከዚያ የተሻለ አንመልስም ነበር።

ቤሲ ኮልማን የተወለደችው በ1892 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት ነው። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ጥጥ እየለቀመች አደገች። ኋላም ወደ ቺካጎ ሄዳ በወንዶች ጠጉር ማስተካከያ ቤት የደንበኞችን ጥፍር በመሥራት ትተዳደር ጀመር። አይሮፕላን ማብረር ለመማር ስትነሣ ግን በአገሯ የሚቀበላት ትምህርት ቤት አላገኘችም፤ ጥቁር ናት፣ ደግሞም ሴት ናት። ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ወደ ፈረንሳይ እንድትሄድ መከራት። ፈረንሳይኛ ተማረች፤ ገንዘብ አጠራቀመች፤ በ1920 መጨረሻ ላይም በመርከብ ተሳፈረች። ለ ክሮቷ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በነበረው ትምህርት ቤት ተምራ ሰኔ 15 ቀን 1921 የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ፈቃድ ተቀበለች። ይህም ማለት ከኤርሃርት ሁለት ዓመት ያህል ቀድማ ነው። ላሮሽ በ1919 በአይሮፕላን አደጋ የሞተችው በዚያው በለ ክሮቷ እንደ ነበር ስናነብ ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሰቀልናቸው።

በኮልማን ፈቃድ ላይ ፎቶግራፏ ተለጥፏል። ከጎኑ የተጻፈው የትውልድ ዓመት ግን 1896 ይላል፤ አራት ዓመት ተቀንሷል። ማኅተም ያለበት ሰነድ ሁሉ እውነት ነው ብለው ለሚያምኑ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

ኮልማን ፎቶግራፍ ምን ማድረግ እንደሚችል ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ደንብ ልብሱን ያዘዛት መንግሥት የለም፤ ራሷ አስባ ያሰፋችው ነው። ኑሮዋ በበረራ ትርዒት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ምስሏ ማስታወቂያዋ ነበር። ይሁን እንጂ ማንኛውንም ምስል አትቀበልም። በ1922 በፊልም እንድትሠራ ተዋውላ ሳለ፣ በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ የተቀዳደደ ልብስ ለብሳ፣ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ፣ በትር ይዛ እንድትታይ ሲነገራት ሥራውን ጥላ ወጣች። ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር፤ የራሷን አይሮፕላን ለመግዛትና ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት ለመክፈት ታጠራቅም ነበርና። ስለዚህ የዚያን ዘመን አልበም ስናገላብጥ፣ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን አልነሣም ያለችውንም መቁጠር ይኖርብናል። በቴክሳስ ባሳየችው ትርዒት ላይም ጥቁሮችና ነጮች በአንድ በር ካልገቡ አልበርም ብላ በሩን አስከፍታለች።

ትምህርት ቤቱን ግን ሳትከፍት ቀረች። ሚያዝያ 30 ቀን 1926 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ላይ፣ አይሮፕላኑን መካኒኳ እየነዳ ሳለ መሪው ተያዘ። በማግሥቱ በጃንጥላ የምትዘልበትን ሜዳ አጎንብሳ ለማየት የመቀመጫ ቀበቶዋን ፈትታ ነበርና ወድቃ ሞተች። መካኒኩም አልተረፈም። ኋላ ሲመረመር በመሪው ማርሽ ውስጥ የተረሳ መፍቻ ተገኘ።

ከእኛ አህጉር ደግሞ ግብፃዊቱ ሉትፊያ ኤል ናዲ አለች። በ1933 የማብረር ፈቃድ ስታገኝ በአገሯ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። የትምህርቱን ክፍያ ለመሸፈን በዚያው በበረራ ትምህርት ቤት በጸሐፊነትና በስልክ ሠራተኛነት አገለገለች። አባቷ ግን አላወቁም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለጥናት የምትሄድ ይመስላቸው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። ጋዜጦቹ እንዴት አድርገው እንዳወደሷት ባዩ ጊዜ ቁጣቸው በረደ፤ በመጨረሻም ልጃቸው በምትነዳው አይሮፕላን ተሳፍረው ፒራሚዶቹን ከላይ ተመለከቱ። ጋዜጣ ባባሮነሷ ላይ ቢዋሽም ሉትፊያን ከአባቷ ጋር አስታርቋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የግድግዳችን ፎቶግራፍ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ኤርሃርት ዓለምን ለመዞር በተነሣችበት በሰኔ 1937፣ ማለትም በሰኔ 1929 ዓ.ም.፣ ከካርቱም ተነሥታ ምጽዋ አርፋለች፤ ከዚያም በአሰብ አድርጋ ወደ ካራቺ አልፋለች። ሁለቱም ሜዳዎች በጣልያን እጅ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩ አይሮፕላን ማብረር ይማሩ ነበር። የመጀመሪያይቱ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው የሚታወሱት እርሳቸው ናቸው። ትምህርታቸውን ያቋረጠው ያው የጣልያን ወረራ ነው። አንዷን ሴት ወራሪው ሜዳ ላይ ተቀብሎ ነዳጅ ሲሞላላት ሌላዋን ከአይሮፕላኗ አውርዷታል።

በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጆን ሮቢንሰን ደግሞ የመጣው ኮልማን ከኖረችባት ከቺካጎ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ የነጮቹ ማረፊያ ሲከለከሉ ሮቢንስ በተባለች የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ሜዳ ሠርተዋል። የማኅበሩን የመጀመሪያ አይሮፕላን የገዛችላቸው ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ነርሷ ጃኔት ሃርመን ናት። አብራሪዎቹ በየዓመቱ በኮልማን መቃብር ላይ ከአየር አበባ ይጥሉ ነበር።

አሁን ግድግዳው ተለውጧል። በኤርሃርት ሥር «አትላንቲክን ብቻዋን በአይሮፕላን ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት፣ 1932» ተብሎ ተጽፏል። ላሮሽ፣ ኮልማንና ሉትፊያ ከነዘመናቸው ተሰቅለዋል። በ2015 ከአዲስ አበባ ባንኮክ ድረስ በሴቶች ብቻ የተካሄደውን በረራ የመሩት ካፒቴን አምሳለ ጓሉም በመጨረሻው ረድፍ አሉ። የወይዘሮ ሙሉመቤትን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ያችው ጠያቂ ሠልጣኝ ናት። በእጃችን ባለው ቅጂ ላይ ቀንም፣ ቦታም፣ የአንሺው ስምም ስላልነበረ፣ የወይዘሮዋን ስም ብቻ ከላይ ጽፋ ከሥሩ ሦስት መስመር በእርሳስ አስምራ ባዶውን ተወችው።