ሠራዊቱ ከመምጣቱ በፊት

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ፕሮጀክት አመራርና የቡድን ሥራ የሦስት ቀን ስልጠና ወስዶ መጣ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ማስታወሻውን አሳየኝ። ዕቅድ፣ በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ባለድርሻ አካላት፣ ክትትልና ግምገማ... ሁሉም በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ በቀስት ተያይዟል። መጥፎ ነው አልልም። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የአመራር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ያንን ሥዕል እያየሁ በሐሳቤ የመጣው የራሳችን አገር፣ የዳንግላና የእንጅባራ የ1933 ዓ.ም. ታሪክ ነው። «ይሄማ እኛ ደጃፍ የተሠራ ሥራ ነው» አልኩት። አላመነኝም። እስቲ ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የንጉሡን መመለስ ትምህርት ቤት ስንማር ታሪኩ የሚጀምረው ኦሜድላ ላይ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድንበር ተሻገሩ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። አለቀ። ተማሪም በዚሁ ይፈተናል። ግን ከኦሜድላ በፊት አምስት ወር የፈጀ ሥራ አለ፤ እሱ የተሠራው ደግሞ እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።

በ1932 ክረምት የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ጣሊያን ጎጃም ውስጥ ከተሞቹን ይዟል፦ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ደብረ ማርቆስን። ምሽግ አለው፣ መድፍ አለው፣ አውሮፕላን አለው። ገጠሩ ግን የአርበኛ ነው። ጣሊያን ከከተማ ሲወጣ በብዛት ሆኖ፣ ተጠንቅቆ ነው የሚወጣው። ታዲያ አርበኛው ለምን ከተማውን አልያዘም? የመሣሪያ እጥረት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ምክንያት ለመናገር ግን እናፍራለን፤ አርበኞቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። በእኛ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አሉ። በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አሉ፣ የጎጃም ነገሥታት ዘር። ሁለቱም ጀግኖች፣ ሁለቱም ጠላትን አምስት ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉ። ግን አንዱ ሲዋጋ ሌላው ይመለከታል እንጂ አብረው አይዘምቱም።

ሰኔ 1932 ላይ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። እንግሊዝ እስከዚያ ድረስ የእኛ ጉዳይ ብዙም አላስጨነቃትም ነበር (ይሄን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ መልሱ ደስ አይልም)። አሁን ግን የጎጃም አርበኛ ለእሷም አስፈለገ። ነሐሴ 6 ቀን ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚባል ሰው ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ተነሥቶ ድንበር ተሻገረ። ሚሽን 101 ይባላል። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ሌላ አንድ ቡድን በሌላ መንገድ ተልኮ ነበር፣ መሪው አውስትራሊያዊው አርኖልድ ዊንሆልት መንገድ ላይ ተገደለ።

ሳንድፎርድ ማን ነው? 58 ዓመቱ ነው። ለብዙ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል፣ ከአዲስ አበባ ሰሜን ሙሎ ላይ እርሻ ነበረው፣ አማርኛ ይናገራል። ካርቱም ላይ ሆኖ የጎጃምን መረጃ የሚያሰባስበው ደግሞ ሜጀር ቺዝማን ነው። ይሄ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጦርነቱ በፊት ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። አዎ፣ ዳንግላ ቆንስላ ነበራት፣ ልጆቻችን ብዙዎቹ አያውቁም። ቺዝማን ጣናንና ዓባይን በእግሩና በበቅሎው ዞሮ ካርታ ያነሣ ሰው ነው። እንግዲህ ለሥራው የተመረጡት አገሩን የሚያውቁ፣ በየመንደሩ ያደሩ ሰዎች ናቸው። የቢሮ ሰዎች አይደሉም።

ከሳንድፎርድ ጋር የንጉሡ እንደራሴ ሆነው የመጡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፣ በኋላ ደጃዝማች የሆኑት፣ «የታሪክ ማስታወሻ»ን የጻፉት። ሥራውን የሠራው ፈረንጅ ብቻ ነው እንዳይመስላችሁ ነው ስማቸውን የማነሣው። የንጉሡን ደብዳቤ በማኅተም ይዞ አርበኛ ፊት መቆም የሚችለው አበሻ ነው። አንድ ፈረንጅ ብቻውን መጥቶ «ጃንሆይ ይመጣሉ» ቢል ማን ያምነዋል?

ከዳንግላ በስተደቡብ ፋጉታ የሚባል ቦታ ላይ ሰፈሩ። አሁን ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች የማርያ ቴሬዛ ብርም ሬዲዮም ነበራቸው። ጠመንጃ እንደሚመጣም ቃል ገብተዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው? ጠመንጃ ማደል፣ ስም መመዝገብ፣ 1ለ5 ማደራጀት ነበር። እነሱ ግን ቀዳሚ ያደረጉት ትልቁ ሥራ ሁለቱን ደጃዝማቾች ማስማማት ነው። በ1933 መጀመሪያ መንገሻና ነጋሽ ጠላትን በአንድነት ለመውጋት ተስማሙ፣ በፊርማቸውም አጸኑ። ያ ስምምነት ሁሉንም ነገር ፈታ አልልም፣ በኋላም ቅሬታ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በዳንግላና በቡሬ መካከል ያለው አገር ለጣሊያን አንድ ጠላት ሆነ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በእሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ሁለት መማሪያ ክፍሎች ጣሪያቸው አረጀና የጥገና ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። ገንዘቡ ከወላጅ ተዋጣ። ቆርቆሮው ተገዛ፣ ምስማሩ ተገዛ፣ እንጨቱ ግን ከሁለት ሰፈር በነፍስ ወከፍ ይመጣል ተባለ። የሁለቱ ሰፈር ተጠሪዎች በድሮ የድንበር ጉዳይ የተቀያየሙ ናቸው። እኔ ይሄን አውቃለሁ። አውቄ ምን አደረግኩ? ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በግልባጭ። ስብሰባ ጠራሁ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። የጊዜ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ያምር ነበር ደግሞ፣ በቀለም የሠራሁት ነው። ቆርቆሮው ስቶር ውስጥ አምስት ወር ተቀመጠ። ሰኔ ገባ። ፈተና ላይ የተቀመጡ ልጆች ደብተራቸውን ከልብሳቸው ሥር ደብቀው ወንበር ሲጎትቱ አየሁ፣ ውኃው ከላይ ይንጠባጠባል። አንዷ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ለአምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከሁለቱ ሰዎች ቤት ሄጄ በረንዳቸው ላይ አልተቀመጥኩም። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ኅዳር 1933 ላይ በአውሮፕላን ሌላ ሰው መጣ፣ ሜጀር ኦርድ ዊንጌት። 37 ዓመቱ፣ ቁጡ፣ ቸኩል፣ ብልህ። ሳንድፎርድ ጋ ቆይቶ ዕቅዱን ተነጋግሮ ተመለሰ። ያመጣው ኃይል «የጌዴዎን ጦር» ተባለ፣ በ300 ሰው ምድያምን በበተነው በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም። ጠቅላላው ወደ 1,700 ሰው ነው፦ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች። በጎጃም ያለው የጣሊያን ጦር ደግሞ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ዊንጌትና ሳንድፎርድ አልተስማሙም። አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ወጣት፤ አንዱ ሰውን በማግባባት፣ አንዱ በማዘዝ የሚያምን። በላያ ላይ ሁለት አለቃ ሊኖር ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሳንድፎርድ ማዕረጉ አድጎ የንጉሡ አማካሪ ሆነ፣ ዊንጌት የጦሩ አዛዥ ሆነ። በዚህ ኩርፊያው ቀረ ማለት አይደለም። ግን ማን ምን እንደሚያዝ ታወቀ። (ሁለቱም በኋላ አዲስ አበባ ላይ የትምህርት ቤት ስም ሆነዋል፣ ጄኔራል ዊንጌትና ሳንድፎርድ። መምህር ስለሆንኩ ይሄ ያስቀኛል።)

ስለ ግመሎቹ ሳልናገር አላልፍም። ስንቅና ጥይት የሚጭኑ ግመሎች ከሱዳን ተሰበሰቡ፣ ቁጥራቸው ወደ 15 ሺህ ይደርስ እንደነበር ተጽፏል። ቆላውን እንደምንም አለፉ። ከዚያ ወደ እኛ ደጋ ወጡ። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው እንኳ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥበት ነው። ግመል ዳገቱን አይችል፣ ሣሩን አያውቅ፣ ጫኚውም ልምድ የለው። እንደ ቅጠል ረገፉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ሙሉው ዕቅድ የቆመው በእነሱ ጀርባ ላይ ነበር። አገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሰውን በማስማማቱ ሥራ ተሳካላቸው፣ በጭነቱ ግን የአገሬውን በቅሎና አህያ የሚያህል አላገኙም። ከአገው ፈረሰኛ አንዱን ቢጠይቁት በአንድ ቃል ይነግራቸው ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው በ1932 ዓ.ም. ነው፣ አጋጣሚ ነው፣ ግን ሳስበው ይገርመኛል።

የካቲት 1933 ላይ የተዘራው ፍሬ አፈራ። ዳንግላን የያዘው የጣሊያን አዛዥ ኮሎኔል ቶሬሊ ከተማዋን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። የመንገሻ አርበኞች ዙሪያውን ይዘውበታል፣ መንገዱ ሊዘጋበት ነው፣ የሚመጣውም ጦር በወሬ ብዛት ከእውነቱ እጅግ ገዝፎ ደርሶታል። እንጅባራም ተለቀቀች። ልብ በሉ፣ ዋናው ጦር መጥቶ ዳንግላን በውጊያ አልሰበራትም። ለአምስት ዓመት በአርበኛው ተከባ፣ ለአምስት ወር ደግሞ በተስማማ አርበኛ ተከባ ነው የወደቀችው። ከዚያ ወዲያ የካቲት 25 ቡሬ ተለቀቀች።

ሁለት ቀን ቆይቶ ግን መጥፎው ነገር ሆነ። በሜጀር ቦይል የሚመራው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጠላትን ቀድሞ መንገድ እንዲቆርጥ ወደፊት ተልኮ ደምበጫ አጠገብ ወንዝ ዳር ሰፍሯል። ከቡሬ የወጣው በሺዎች የሚቆጠር ጦር እየመጣበት መሆኑን ግን አልሰማም። ጠዋት ላይ ድንገት መጣበት። ልጆቻችን ከእጥፍ በላይ ከሚበልጣቸው ጦር ጋር ታንቀው ተዋጉ፣ ጠላትንም ጎዱ፣ ግን ሻለቃው ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሻለቃ አልሆነም። እንዲያ ያደረጋቸው የጀግንነት እጦት አይደለም፣ ያልደረሰ አንድ መልእክት ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ስለዚህ ጥፋት ሲጽፉ ዊንጌትና ቦይል ማን እንዳጠፋ ይከራከራሉ። የሞቱት ወታደሮች ስም ግን እዚያ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ፦ ጣሊያን ራስ ኃይሉን አምጥቶ ጎጃምን ሊከፍል ሞከረ፣ ትንሽም ተሳካለት፣ ብዙ አርበኛ አመነታ። ቢሆንም መጋቢት መጨረሻ ላይ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ በሚያዝያ አዲስ አበባ።

ባልደረባዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ የእናንተ ጣሪያ ምን ሆነ?» አለኝ። ዓምና ጥቅምት ላይ ኮሚቴውን ሳልሰበስብ፣ ደብዳቤም ሳልጽፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ታላቅየው ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ስለ ጣሪያ አላነሣሁም፤ እሳቸው ናቸው ያነሡት፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ። «እኔ ወደ እሱ ቤት አልሄድም፤ እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሰላም ቢለኝ አልጠላውም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሁለት ሽማግሌ ጨመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እንጨቱ በአንድ ቀን መጣ፣ ከሁለቱም ሰፈር። ቆርቆሮው አንዳንዱ ስቶር ውስጥ ተጣሞ ስለነበር ቀጥቅጠን ነው የመታነው፣ አሁንም ስትገቡ ቀና ብላችሁ ብታዩ ጥጉ ላይ ጠማማው ይታያል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፋጉታ ላይ ለዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ የጠረጉት፣ ከመንገሻ ወደ ነጋሽ ደብዳቤ ይዘው ሌሊት የተጓዙት፣ በቅሎ የጫኑት፣ ያስተረጎሙት የእኛው ሰዎች ናቸው። በዳንግላ፣ በፋግታ፣ በባንጃ፣ በአንከሻ ያላችሁ፣ አያታችሁ ወይ አያታችሁን የሚያውቅ ሽማግሌ የነገራችሁ ካለ፣ ስሙንና ቀበሌውን ጻፉልኝ። ደብተር ገዝቻለሁ፣ እስካሁን የሞላሁት ሁለት ገጽ ነው።