በዱላ የሚለካው በሽታ

ከከሚሴ ተነስታችሁ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፋችሁ በኩታበር በኩል ሽቅብ ብትወጡ ደላንታ ትደርሳላችሁ። ዛሬ ደላንታ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ኦፓሉ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ስለ ደላንታ እግሮች ሳነብ ነው የከረምኩት።

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት፣ ደላንታና ዳውንት ገና አንድ ወረዳ ሳሉ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች እግራቸው ከዳቸው። ጦርነት አልነበረም፣ ተላላፊ በሽታም አልነበረም። ድርቁ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ብቻ ቀርቶላቸው እሱን በልተው ነው። ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው።

ጓያን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ድርቅ ይችላል፣ ውሃ የቋጠረ መሬትም ይችላል፣ ዝናቡ ሲያበቃ መረሬው ላይ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ይገባል። ግን ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የህንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ነው የለዩት። አንጎላችን ነርቭ ከነርቭ ለማነጋገር የሚጠቀምበትን ግሉታሜት አስመስሎ ይገባና እግር የሚያዙትን ነርቮች ያለ ልክ እየቀሰቀሰ ይገድላቸዋል። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ሰውየው አእምሮው ደህና ነው፣ እጁም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እግሩ ግን ግትር ብሎ እንደ መቀስ ይጣመርና በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት በዱላ ነው፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባለ አንድ ዱላ፣ ባለ ሁለት ዱላ፣ ከዚያ በእጁ የሚድህ። መሣሪያ የለም፣ ምርመራው ይኸው ነው።

ይህን በሽታ አገራችን ውስጥ አሳድደው ካጠኑት መካከል ፊተኛው ሰው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እኔ የሚገርመኝ አሠራራቸው ነው። በሽተኛ ጥቁር አንበሳ ድረስ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፣ ቡድናቸው ቤት ለቤት ነው የዞረው። በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው ተቆጥሮ ስንቱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ታወቀ፤ ከሺህ ሰው 5 ገደማ። ከእነዚህ መድኃኒት ያገኘው 1.6 በመቶ ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ከመቶ ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም! የቀረው ጠበልና ደብተራ ጋ፣ ሼህ ጋ፣ ወይ እቤት ተደብቆ ነው። ይህ ቁጥር ዛሬም ድረስ በአፍሪካ ስለሚጥል በሽታ የሚጽፍ ተመራማሪ የሚጠቅሰው ነው።

በዚያው መንገድ ወደ ጎንደርና ጣና ዙሪያ ሄደው የጓያን ነገር አጠኑ፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከኬሚስቱ ከፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ከውጭው የነርቭ ተመራማሪ ከፒተር ስፔንሰር ጋር ሆነው ደግሞ ሰው የሚበላውን ምግብ ራሱን ናሙና ወስደው ኦዳፑን ለኩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገበሬው እምነት ሌላ ነበርና፦ የጓያ ማሳ አቋርጦ መሄድ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ መንካት ይሰብራል ይባላል። እኛም ልጅ ሆነን «ከእንፋሎቱ ራቅ በል» ስንባል ነው ያደግነው።

ደላንታ ሲመታ መረጃውን ለዓለም ያደረሰው ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ በወጣችው አጭር ጽሑፍ ፕሮፌሰር ረዳም ስማቸው አለበት። ቀጥሎ ከጌንቱ ፈርናንድ ላምባይን ጋር የሠሩት ጥናት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጥያቄያቸው የማድ ቤት ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ጓያ በልቶ ለምን አንዱ ሽባ ሆኖ ሌላው ተረፈ? መልሱ፦ ንፍሮውን፣ ቆሎውንና እሸቱን የበላ ለአደጋው ይበልጥ ተጋለጠ። በቅመም ወጥ የበላው አደጋው በእጅጉ ቀነሰለት። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላው ደግሞ ተጠበቀ፣ ምክንያቱም ጓያ የሚጎድለውን ድኝ ያለበትን አሚኖ አሲድ እህሉ ይሰጠዋል። በአገር ሸክላ ድስት መቀቀልም ከአደጋው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። «ቀላቅላችሁ ብሉ» ማለት ጥሩ ምክር ነው። ግን የሚቀላቅለው እህል ቢኖረው ኖሮ ሰውየው መጀመሪያውኑ የጓያ ንፍሮ ላይ ምን አስቀመጠው? ተመራማሪዎቹም ይህ አልጠፋቸውም፤ የእርዳታ እህል ቶሎ ይድረስ ብለው ነው የጻፉት። ኦዳፑ የቀነሰ የጓያ ዘር የማውጣት ሥራም አለ፣ ግን የዘሩ ባሕርይ እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ይለዋወጣል።

ፕሮፌሰር ረዳ ሌላም ነገር ተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ከዚያ በፊት የነርቭ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ሁሉም ውጭ የተማረ።

የኛ ዞን ማሽላና ማሾ አገር ነው፣ እንደ ደላንታ አይደለም። ግን በ77ቱ ምን ተበላ? ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋም ሆነ ከባቲ ያላችሁ፣ እናት አባቶቻችሁን ጠይቁልኝና ኮሜንት ላይ ጻፉ። ጓያ የሰበረው የምታውቁት ሰው ካለ ስሙን ሳትጠቅሱ ስንት ዱላ እንደሚይዝ ብቻ ንገሩኝ።