ባልደራስ፦ የፈረስ ጋጣው ሹም



ከተረሱት የማዕረግ ስሞቻችን አንዱ «ባልደራስ» ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ብዙ ወጣቶች ከዚያ አልፎ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም።

ባልደራስ ማለት የቤተ መንግሥት ፈረሶች ሹም ነው። «ባል» በግእዝ «በዓል» ከሚለው የመጣ ሲሆን ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው፤ ባላገርና ባለሙያ የምንለውም ከዚሁ ነው። መጨረሻው «ራስ» ስለሚል ከራስ ማዕረግ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ሹመቱ ግን ከራስ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ቢሆንም ባለሥልጣኑ «ባልደራስ እገሌ» ተብሎ በክብር ይጠራ ነበር።

ለጋጣ ጠባቂ ማዕረግ ለምን አስፈለገ? በዚያ ዘመን ያለ ፈረስ ዘመቻ አይታሰብም። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት የዐፄ በካፋ የፈረስ ጋጣ ዛሬም ይታያል። መኳንንቱም የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት ባልቻ ሳፎም አባ ነፍሶ ናቸው። እንግዲህ ባልደራስ የሚጠብቀው ከብት ብቻ ሳይሆን የጌታውን ስምና ሕይወት ጭምር ነው። እርካብ ቢበጠስ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ጌታው ነውና።

በፈረንጆችም ዘንድ እንዲሁ ነው። «ማርሻል» በጥንታዊ ጀርመንኛ የፈረስ አገልጋይ ማለት ነበር፤ ኋላ የጦር አዛዦች ታላቅ ማዕረግ ሆነ። በአገራችን ፖሊስ የምናውቀው «ኮንስታብል»ም ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የጋጣ ሹም ነው።

ይህን ማንሣቴ ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የምንነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የምንጠብቅ ብዙዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ ረግጦ መሪ መጨበጡን እንደ ውርደት ቆጥሮ፣ ሥራውን ከአገር ቤት ዘመድ የሚደብቅ ወንድም አለን። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። አዎን፤ ግን ካላደረሰ ማን ይዋጋል? አባቶቻችን የሚያደርሰውን ለሚጠብቅ ሰው ማዕረግ ሰጥተዋል። ልጆቻችንም አባታቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ ቀና ብለው ይመልሱ ዘንድ ይህን ሊያውቁ ይገባል።

የቤተ መንግሥቱን ቃላትና ወግ የሚያስታውሱ አረጋውያን በመካከላችን አሉ። ማኅበራችን በሚቀጥሉት ዓመታት ቃላቸውን ቢመዘግብ፣ ለልጆቻችን ትልቅ ቅርስ ያወርሳል።