ወሩ ሳይጀምር ወይስ ካለቀ በኋላ? የቤት ሒሳብ ከደብተር እስከ ስልክ

ብዙ ሰው የወጪ መተግበሪያ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነጻ መሆኑንና ለአጠቃቀም መቅለሉን ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። አንዱ መተግበሪያ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ ይመዘግባል፤ ሌላው ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ለምን እንደሚውል ያስወስናል። የቤት ሒሳብን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየ፣ ሁለተኛው ሥራ ቀድሞ የነበረና በኋላ ቸል የተባለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 ጃፓናዊቷ ጋዜጠኛ ሃኒ ሞቶኮ ለቤተሰብ የሚሆን የሒሳብ ደብተር አሳተመች። ካኬይቦ ይባላል። ደብተሩ የሚጀምረው ከምድብ ነው፦ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለልጆች ትምህርት ይህን ያህል ተብሎ አስቀድሞ ይጻፋል። ከዚያ የየዕለቱ ወጪ በእጅ ይሰፍራል፤ በወሩ መጨረሻ የታሰበውና የሆነው ጎን ለጎን ይተያያሉ። ሃኒ ቤተሰብ በበጀት መኖር አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራት። ደብተሯ ከመቶ ዓመት በኋላም በጃፓን በየዓመቱ እየታተመ ይሸጣል። ለእኔ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህች ደብተር ነው።

ኮምፒውተር ቤት ሲገባ ትኩረቱ ወደ ክፍያ ዞረ። ስኮት ኩክና ቶም ፕሩ በ1983 ኢንቱዊትን ሲመሠርቱ፣ መነሻው የኩክ ባለቤት የቤቱን ክፍያዎች መፈጸም ሰልችቷት ማማረሯ ነበር። ኩዊከን የተባለው ፕሮግራማቸው ስክሪኑ ላይ የወረቀት ቼክ የመሰለ ቅጽ ያሳያል፤ ቀኑ፣ የተከፋዩ ስምና የገንዘቡ መጠን ሰው በለመደው ቦታ ይሞላል። ዴቢትና ክሬዲት የማያውቅ ሰው ሒሳቡን በትክክል እንዲይዝ አስችሎታል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ቼክ በሚጻፍበት ሰዓት የመግዛቱ ውሳኔ አልፏል።

በ2007 የመጣው የአሮን ፓትዘር ሚንት ደግሞ መጻፉንም አስቀረ። ተጠቃሚው የባንክ መግቢያውን ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ የካርዱን ወጪ ራሱ እየሰበሰበ ይህ ምግብ፣ ይህ ነዳጅ፣ ይህ መዝናኛ እያለ ይከፋፍላል። በጀት ማውጫም ነበረው፤ ሰውን የሳበው ግን ያለ ድካም መመዝገቡ ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነበር። ገቢው የሚመጣው ለተጠቃሚው የክሬዲት ካርድና መሰል አገልግሎቶችን ከማስተዋወቅ ነበር። ቁጠባ የሚያስተምር መሣሪያ በብድር ካርድ ማስታወቂያ መተዳደሩን እኔ ልቀበለው አልችልም። ኢንቱዊት በ2009 በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በመጋቢት 2024 ዘጋው። ተጠቃሚዎቹ እንዲዛወሩበት የተነገራቸው ክሬዲት ካርማ፣ ሚንት ይሰጥ የነበረውን በየዘርፉ ወርሃዊ በጀት የማውጣት አገልግሎት አልነበረውም። የዓመታት ሒሳብ በእጁ የቀረለት ፋይሉን ቀድሞ ያወረደ ሰው ነው።

የሃኒን ሐሳብ የሚመስል ሌላ መንገድም ነበር። ጄሲ ሚቻም የተባለ የአካውንቲንግ ተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለ ለቤቱ የሠራውን የኤክሴል ሰንጠረዥ በ2004 መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ዋይናብ የሚባለው መተግበሪያ ከዚያ የመጣ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ገና ያልገባ ደመወዝ አይመደብም፤ በእጅ ያለው ገንዘብ ግን እያንዳንዱ ዶላር ሳይወጣ ሥራ ይሰጠዋል። የምግቡ ምድብ ካለቀ ከሌላ ምድብ መቀነስ ግድ ነው፤ ከየት እንደሚቀነስ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ክፍያ ያስከፍላል፤ ገቢው ግን በግልጽ ከተጠቃሚው ነው።

አስቀድሞ መመደብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዕቁብ የገባ ሰው የዕቁቡን ገንዘብ ደመወዙ እንደገባ ያነሳል፤ አስቤዛው የሚታሰበው ከቀረው ነው። አሁን ባንኩም ቴሌብርም ለእያንዳንዱ ክፍያ አጭር መልእክት ስለሚልኩ፣ ምዝገባው ያለ ምንም መተግበሪያ ስልካችን ውስጥ ተከማችቷል። የሚጎድለን የወሩ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ምድብ ነው። ለዚህ ደግሞ ደብተር ወይም አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ መተግበሪያዎች ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተዛወረ ገንዘብን ከወጪ አይቆጥሩም። ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ «ዝውውር» ተብሎ ከተመዘገበ ከወጪያችሁ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ወሩ የተረፈ መስሎ ይታያችኋል። የራሱን ምድብ ክፈቱለት።

ምርጫው የእናንተ ነው፤ የእኔ ድምፅ ግን አስቀድሞ ለሚያስወስነው ነው። የትኛውንም ብትመርጡ፣ የአንድ ወር ሒሳብ እንዳስገባችሁ ፋይሉን አውርዳችሁ በኤክሴል ክፈቱት። አላወርድም ካለ፣ ሁለተኛውን ወር እዚያ አትጀምሩ።