ከማገር እስከ አርማታ፦ የቤት ሥራ ቃላት ጉዞ

አማርኛ ተናጋሪ «ኮርኒስ» ሲል ቀና ብሎ የሚያየውን የክፍሉን የላይኛ የውስጥ ልባስ ማለቱ ነው። ቃሉ በተወለደበት በጣሊያንኛ ግን ከሕንጻው ግንባር አናት ወደ ውጭ ብቅ የሚለውን ጌጠኛ ጠርዝ ያመለክታል። በመሆኑም ስለ አንድ የጣሊያን ዘመን ሕንጻ የተጻፈን የጥገና ሰነድ የሚተረጉም ሰው ቃሉን እንዳለ ቢያስቀምጠው፣ ጉዳቱን ከውጭው ግንብ አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል።

የጭቃ ቤት ቃላት በአብዛኛው የአገሩ ናቸው፤ ቋሚ፣ ማገር፣ ምሰሶ፣ ወራጅ፣ ምርጊት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ሲቆይ «ቦካ» ይባላል፤ መራጊውና እንጀራ ጋጋሪዋ አንድ ግሥ ይጋራሉ። ኖራም ቢሆን ለግንበኛው አዲስ አልነበረም፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት የጎንደር ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው።

ትልቁ የቃላት ማዕበል የመጣው ከሲሚንቶ ጋር ነው። ጣሊያን ኤርትራን እ.ኤ.አ. በ1890 ቅኝ ግዛት አድርጎ ካወጀ በኋላ አስመራ በጣሊያን እጅ ተገነባች፤ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ደግሞ ግንባታው እስከ አዲስ አበባ ተስፋፋ። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም እንኳ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ስም የመጣ ነው።

አማርኛ ግን የተሰጠውን እንዳለ አልተቀበለም። «ፌሮ» በጣሊያንኛ ማናቸውም ብረት ነው፤ አማርኛ ለብረት የራሱ ቃል ስለነበረው ፌሮን በኮንክሪት ውስጥ ለሚቀበረው ዘንግ ብቻ መደበው። «አርማታ» የበለጠ ያስገርማል። ጣሊያኖች በብረት የተጠናከረውን ኮንክሪት «የታጠቀ ሲሚንቶ» ይሉታል፤ ትጥቁ ፌሮው መሆኑ ነው። አማርኛ ሲሚንቶን ለዱቄቱ አስቀርቶ ትጥቁን ለብቻው ስም አደረገው። «ብሎኬት» ትንሽ ብሎክ፣ «ሊሾ» ደግሞ ልሙጥ ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ዘግይቶ፣ በትምህርት ቤት በር ገባ። በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ስታንዳርድም የተጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ «ስላብ» ሲል አንጋፋው ግንበኛ «ሶሌታ» ይላል፤ የሁለቱም ወለል ያው አንድ ነው። እነርሱ ይግባባሉ። የሚቸገረው ቤት ገዢው ነው።

የችግሩ ሥር ከቃላት ይልቅ ቃላቱ ከተሸከሙት የቤት ዓይነት ላይ ይገኛል። በጭቃ ቤት ጣሪያውን የሚሸከመው ግድግዳው ነው፤ ቋሚዎቹ በውስጡ ናቸውና፣ ግድግዳ አዘመመ ማለት ቤቱ አዘመመ ማለት ነው። ዛሬ በየከተማው በብዛት በሚሠራው ባለ አርማታ ሕንጻ ግን ሸክሙ ከሶሌታው ወደ ቢሙ፣ ከቢሙ ወደ ኮለኑ፣ ከኮለኑ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። በመካከል የሚደረደረው ብሎኬት ክፍል ይከፍላል፣ ነፋስ ይከለክላል እንጂ ፎቁን እንዲሸከም የታሰበ አይደለም። በአሮጌው ልማድ የሚያይ ገዢ በልስኑ ላይ ባለ ቀጭን ስንጥቅ ይደነግጣል፤ ፌሮው ዝጎ ሲያብጥ ኮለኑን ከውስጥ ገፍቶ ያወጣውን፣ ከዘንጉ ጋር ቁልቁል የወረደውን ስንጥቅ ግን በቀለም ተሸፍኖ ያልፈዋል። «ግድግዳው ተሰንጥቋል» የሚል የምርመራ ወረቀት ሁለቱን አይለይም። ልስኑ፣ ብሎኬቱ ወይስ ኮለኑ? ዋጋ መነጋገር ያለበት ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ኮርኒሱም እንዲሁ ነው። በላዩ የታየ ቢጫ የውሃ ምልክት በአንድ ቀን ቀለም ይጠፋል፤ ውሃው የመጣበት ቧንቧ ወይም ሶሌታ ግን ከኮርኒሱ በላይ ስለሆነ፣ መርማሪው አንድ ሰሌዳ እንዲነሣለት መጠየቅ አለበት።