«ኦሜጋ» የኪስ ሰዓት

ብር፣ ናስ፣ ብረት፣ ኢናሜል። እ.ኤ.አ. 1900 ገደማ። ቢየን፣ ስዊዘርላንድ።

ሰዓቱ በሰንሰለት ታስሮ በሰደርያ ኪስ ይያዝ ነበር። ከአናቱ ያለችው መሙያ ሞላውን ታጠብቃለች፤ ሳብ ሲያደርጓት ደግሞ ቆጣሪዎቹን ታዞራለች። ለብቻው የሚያዝ ቁልፍ አያስፈልግም።

የሰዓቱን አምራች ኩባንያ የመሠረተው ሉዊ ብራንት በ1848 በላ ሾ ደ ፎን ሥራ ሲጀምር፣ በየቤታቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ያዘጋጇቸውን ክፍሎች እየሰበሰበ ይገጣጥም ነበር። በ1879 ሲሞት ልጆቹ ሉዊ ፖል እና ሴዛር ተተኩ። በ1880 ወደ ቢየን ተዛውረው ምርቱን በፋብሪካና በማሽን አደረጉት። በ1894 የወጣው «ኦሜጋ» የተባለው የ19 ሊኝ (43 ሚሊ ሜትር ገደማ) የሰዓት ሞተር የዚህ ለውጥ ውጤት ነው። ክፍሎቹ በልክ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የተሰበረው ያለ ሞረድ በአዲስ ይተካል፤ ይህ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ሰዓት ጠጋኙን ሳይሆን አይቀርም።

ወንድማማቾቹ ሁለቱም በ1903 ሞቱ። ፋብሪካው በዚያን ጊዜ 800 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በዓመትም 240,000 ያህል ሰዓት ያመርት ነበር። አመራሩ ለቤተሰቡ ወጣቶች ተላለፈ። ታላቃቸው ፖል ኤሚል ብራንት ገና 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። የሞተሩ መጠሪያ በዚያው ዓመት ከኩባንያው ስም ጋር ተጣመረ።