የ2013 ዓ.ም. ሟቾች፦ ማን ይታወሳል? ማንስ ይመዘግባል?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ዓመት ውስጥ ስላጣናቸው አምስት ሰዎች ነው። ዓመቱ በጠባ በመስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. የጂኦግራፊ ሊቁ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ዐረፉ። በታኅሣሥ ተዋናይና አዘጋጅ ተስፋዬ ገሠሠ ተከተሉ። ሚያዝያ 22 ቀን የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ፣ ሰኔ 3 ቀን የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ ነሐሴ 27 ቀን ደግሞ ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሁለቱ እሸቴዎች በአባት ስም ቢገጣጠሙም ዝምድና የላቸውም።

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብንሄድ እነዚህ ሰዎች የአንድ ዓመት ሟቾች አይደሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ2020፣ የቀሩት ሦስቱ በ2021 ያረፉ ናቸው። በአንድ መዝገብ ላይ የሚያገናኛቸው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ይህን አቆጣጠር «ባሕረ ሐሳብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ ያብራሩት ደግሞ ከሟቾቹ አንዱ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ራሳቸው ናቸው።

የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ግን እንዲህ ያለውን የስም ዝርዝር በጥርጣሬ እመለከተዋለሁ። 2013 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ወረርሽኙ ገና አልበረደም ነበር። በጥቅምት በሰሜን የሀገራችን ክፍል ጦርነት ተጀመረ፤ በሌሎች አካባቢዎችም ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የእነዚያ ሟቾች ቁጥር እስከ ዛሬ እያከራከረ ነው፤ የብዙዎቹም ስም በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ታዲያ ስማቸው ካልተጻፈው ብዙዎች ፊት ቆመን የአምስት ታዋቂዎችን ስም ስንጠራ ምን ማለታችን ነው? የእኔ መልስ የሚከተለው ነው፤ አምስቱን በአንድነት ማስታወስ የሚገባን በዝናቸው ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ሊጠፋ የነበረን ነገር ለትውልድ ያቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከፕሮፌሰር መስፍን ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የረኀብ ጥናታቸው ድርቅንና ረኀብን ለይቶ ያያል። ድርቅ የተፈጥሮ ክስተት ነው፤ ረኀብ ግን በግብር፣ በመሬት ኪራይና በዕዳ የተራቆተ ገበሬ ምንም መጠባበቂያ ሳይኖረው ሲቀር የሚደርስ፣ ሰው ሠራሽ ሂደት ነው። ከዚህ ጋር በ1950 ዓ.ም. በትግራይ፣ በኋላም በወሎ የደረሰው እልቂት በመንግሥት ደብዳቤዎች ውስጥ እንዴት እየተንከባለለ እንደዘገየ ተከታትለው አሳዩ። ገበሬው ሲሞት ቆጣሪ አልነበረውም፤ መስፍን የፈለጉት ያንን ሳይቆጠር የቀረ ሞት ነው። በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ በአጭር አጠራሩ ኢሰመጉ፣ ሲመሠረት ቀዳሚ ሚና የነበራቸውም እርሳቸው ናቸው። የጉባኤው መግለጫዎች የተገደሉትንና የታሰሩትን ሰዎች በየስማቸው ይዘረዝሩ ነበር። ሁለቱን ሥራዎች የሚያገናኛቸው ያው ጥያቄ ነው፦ ማን ሞተ? ለምን ሞተ? ማንስ መዘገበው?

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተሰማሩት በሌላ መስክ ነው። በካይሮና በጀርመን ተምረው በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ሰው በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወታደሮች ቤታቸውን ሲያጠቁ በጥይት ተመትተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው ያለፈው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በኮሌጅቪል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ገደማ የሚሆኑ ጽሑፎችን በፊልም አንሥቶ ነበር፤ እርሳቸው ከእነዚህ ሺህዎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ይዘታቸውን በካታሎግ አሰፈሩ። ካታሎግ የሚጻፈው ለተመራማሪ ነው፤ ጭብጨባ አያስገኝም። ያለ እርሱ ግን ብራናው ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለተሰደዱትና ስለተገደሉት መነኮሳት፣ ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ የሚተርከውን ገድል ለአማርኛ አንባቢ ያቀረቡትም እርሳቸው ናቸው። አሳዳጆቹ ያሸነፉ መስለው ነበር፤ የተሳዳጆቹን ቃል ግን ብራናው ጠብቆት ቆየ።

ከብራና ወደ ሸክላ እንሻገር። አምሃ እሸቴ ሥራቸውን ሲጀምሩ ሙዚቃን በሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ይህን ደፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አወጡ። በዚያ ሸክላ ላይ ያዜሙት ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡት ዓለማየሁ እሸቴ ነበሩ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአምሃ ድርጅት ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። ከዚያም አብዮቱ መጣ፤ አሳታሚው ተሰደዱ፤ ድምፃዊው በሀገር ቤት ቀሩ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ዋዜማ ጀምሮ በፈረንሳይ በወጣው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም እነዚያ ድምፆች ለዓለም ሲደርሱ ምንጩ የአምሃ ሸክላዎች ነበሩ፤ ዘጠነኛው አልበምም ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ነው። አንድ ነጋዴ ያንን አዋጅ ባይዳፈር ኖሮ ከዚያ ዘመን ድምፅ ምን ያህሉ ይደርሰን ነበር?

ተስፋዬ ገሠሠን ለመጨረሻ ያቆየኋቸው የእርሳቸው ጉዳይ ከሁሉም ስለሚከብድ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የመድረክ ጥበብ ግን በጽሑፍ አይያዝም፤ መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል። በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረው የተመለሱት ተስፋዬ የሀገር ፍቅር ቴአትርን መሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልን ለማቋቋም ግንባር ቀደም ሆኑ። የማይጻፈውን ጥበብ ሰው ላይ ጻፉት ማለት ነው። ከብራናና ከሸክላ ቀጥሎ ሦስተኛው ማኅደር ተማሪ ነው፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ ካልተንከባከቡት ይጠፋል።

እንግዲህ አምስቱ ተመዝግበዋል። የሕይወት ታሪካቸው በጋዜጦች ወጥቷል፤ ስማቸው አይጠፋም። የእኛ ዕዳ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድን ዓመት ሟቾች ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ የቢሮ ሰነድ ብቻ ይዞ ሩቅ አይሄድም። ሆኖም በየሰፈሩ የዕድር መዝገብ አለ፤ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ለቤተሰቡ ምን እንደተከፈለ ጸሐፊው በእጁ አስፍሮታል። የመቃብር ቦታዎች መዛግብትም አሉ። ደብተሮቹ በየጸሐፊው ቤት ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው ሲሞት ብዙ ጊዜ ደብተሩም አብሮት ይጠፋል።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሆይ፣ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው። ወደየመጣችሁበት ቀበሌ ሂዱ። የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ በአክብሮት አስፈቅዱ። የ2013ን ገጾች አንብቡ፤ ከመዝገቡ የጎደሉትን ስሞች ከቤተሰብ ጠይቁ። የሰዎቹን ሐዘንና ምስጢር ጠብቁ፤ ለማን ወገን እንደሚጠቅም አስቀድማችሁ ሳታሰሉ ጻፉ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን መስፍን ስለ ረኀብ፣ ጌታቸው ስለ ብራና ከሠሩት ጋር ዓይነቱ አንድ ነው። ለአምስቱም ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ማቆም የምንችል አይመስለኝም።